አዲስ አበባ ያለው ቤት አይፒው በተቀየረ ቁጥር ካሜራው ለሚጠፋበት ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። እንደጻፍከው አንተ ሜሪላንድ ነህ፤ አዲስ አበባ ወላጆችህ ቤት የሂክቪዥን መቅጃና አራት ካሜራ አስገጥመሃል፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የቤቱ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩ) ይቀየርና ስልክህ ላይ ምስሉ ይጠፋል። ገጣሚው «ዲዲኤንኤስ ይግባበት» ብሎሃል (ዲዲኤንኤስ የሚቀያየረውን አይፒ ከአንድ ቋሚ ስም ጋር የሚያያይዝ አገልግሎት ነው)፤ ፕሮግራሙ የትኛው ነው፣ የትስ ላይ ነው የሚጫነው ብለህ ጠይቀሃል። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብህን በከንቱ ሊያስበላህም ይችላል። ሁለቱን የሚለየው አንድ ማጣሪያ ነው። እሱ ሳይታይ ምንም አትጫን፣ ለማንም አትክፈል።

1. ቤቱ የራሱ የውጭ አይፒ እንዳለው አረጋግጥ። ቤት ያለ ሰው ራውተሩ ገጽ ውስጥ ገብቶ «ዋን» (የኢንተርኔቱ በኩል) ከሚለው ሥር ያለውን አይፒ ያንብብልህ። ከዚያ እዚያው ቤት ዋይፋይ ላይ ሆኖ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ቪፒኤን አጥፍቶ፣ አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ይክፈት። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ መንገድህ ክፍት ነው፣ ወደ ሁለተኛው እለፍ። የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን መስመርህ ከሲጂናት ጀርባ ነው፤ አቅራቢው አንዱን የውጭ አይፒ ለብዙ ደንበኞች አካፍሎታል ማለት ነው። ይህ የቁጥር ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተመደበ ስለሆነ ራውተሩ ዋን ላይ ካየኸው ሌላ ትርጉም አትፈልግለት። በ10 የሚጀምር ሆኖ ከድረ ገጹ ቁጥር ጋር ካልገጠመም ያው ነው። በሲም ካርድ የሚሠራ የፎርጂ ራውተር ከሆነማ ከመጀመሪያው ይህንን ጠብቅ።

ሲጂናት ካለ ዲዲኤንኤሱ ሥራውን በትክክል ይሠራል፣ ስሙም በሰዓቱ ይታደሳል፤ ግን ስሙ የሚወስድህ ወላጆችህ በር ላይ ሳይሆን አቅራቢው ጋ ወዳለው የጋራ ማሽን ነው። እዚያ ላይ ፖርት (ከውጭ ወደ መሣሪያህ የሚያስገባ ባለቁጥር በር) የሚከፍትልህ የለም። አንዳንድ ካሜራ ገጣሚዎች ይህንን አንዴም ሳያዩ «የዲዲኤንኤስ ማስተካከያ» ብለው ተጨማሪ ሂሳብ መቀበላቸው በጣም ያናድዳል። እዚያው ቤት ዋይፋይ ላይ፣ በውስጥ አይፒ (ቤቱ ውስጥ ብቻ በሚሠራው አድራሻ)፣ ስልካቸው ላይ ምስሉን ያሳያሉ፤ ቤተሰቡ «ሠራ» ብሎ ይከፍላል፤ ውጭ አገር ያለው ልጅ ሲሞክር የለም። ከዚያ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ይደወላል፤ መልሱ «ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት» ነው። አጥፍቶ ማብራት ሲጂናትን አያነሳም። አቅራቢውን መጠየቅ ያለብህ አንድ ጥያቄ «ለዚህ መስመር የውጭ አይፒ ትሰጣላችሁ ወይ፣ በወር ስንት?» የሚለውን ነው። ካልሰጡ ዲዲኤንኤስን እርሳው፤ ቤት ውስጥ አንድ ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) አስቀምጥና ቴይልስኬልን (ከሩቅ ወደ ቤት የሚያገናኝ ቪፒኤን) ጫንበት፣ «ሰብኔት ራውተር» (ለቤቱ ሌሎች መሣሪያዎች መተላለፊያ) አድርገው። መቅጃው ላይ ምንም ሳይጫን ከሲጂናት ጀርባም ታየዋለህ፤ ለግል አገልግሎት ነፃ ነው።

ቁጥሩ በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ አትደንግጥ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ሁለት ራውተር ተደራርቦ ነው። የፋይበሩ ሳጥን ራሱ ራውተር ሆኖ ይሠራል፣ ከሥሩ ለዋይፋይ የተገዛው ራውተር ደግሞ ሌላ አጥር ይሠራል። መጀመሪያ የፋይበሩ ሳጥን ገጽ ውስጥ ገብተህ እውነተኛውን ዋን እይ። ከዚያ ወይ ሳጥኑን ብሪጅ (ራውተርነቱን ትቶ መስመር አሳላፊ ብቻ) አስደርገው፣ ወይ የገዛኸውን ራውተር አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ አሰራጭ ብቻ) አድርገው። ሁለቱም ላይ ፖርት መክፈትም ይሠራል፤ ግን አንዱ ሲቀየር ሌላው ይረሳል።

2. ፕሮግራሙ የሚጫነው ከቤት በማይወጣ ነገር ላይ ነው። ሜሪላንድ ያለው ላፕቶፕህ ላይ ከጫንከው የሜሪላንድን አይፒ ይመዘግባል። የወንድምህ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ቢሮ ይዞት በሄደ ቁጥር ስሙም አብሮት ቢሮ ይገባል። ራውተሩ የራሱ የዲዲኤንኤስ ማውጫ ካለውና የምትፈልገው አገልግሎት ዝርዝሩ ውስጥ ካለ እሱ ይሻላል፤ ዋኑ ሲቀየር መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነውና። የቆዩ ራውተሮች ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ ዲንዲኤንኤስ ነፃ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ዘግቶት እያለ እሱን ብቻ የሚያሳይ ራውተር አሁንም አለ። መቅጃውም ማውጫው አለው፤ እሱን ተወው፣ ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ። ለአንተ ቤት ራስበሪ ፓይ፣ በኬብል ከራውተሩ ጋር የተያያዘ፣ ይበቃል።

3. አገልግሎቱ ዳክዲኤንኤስ ይሁን። ነፃ ነው፤ በአንድ አካውንት እስከ 5 ስም ይሰጣል፤ ሌሎች ሰርቨሮች የስሙን አይፒ ይዘው የሚቆዩት 60 ሰከንድ ስለሆነ አይፒው ሲቀየር ቶሎ ይሰማል። ኖ-አይፒ የሚባለው ሌላው አገልግሎት ነፃው በየ30 ቀኑ በኢሜይል «አዎ፣ እፈልገዋለሁ» ብለህ ማረጋገጥ ይጠይቃል፤ ለሩቅ ቤት እንዲህ ያለ ቀጠሮ አትግባ፣ አንድ ወር ከዘነጋህ ስሙ ይሄዳል።

ፓዩ ላይ ዲዲክላይንትን (አይፒውን እያየ ስሙን የሚያድስ ፕሮግራም) መጫን ትችላለህ፤ ለዳክዲኤንኤስ ግን በከርል (ድረ ገጽን በትእዛዝ የሚጠራ ፕሮግራም) የሚላክ አንዲት የኤችቲቲፒኤስ ጥሪ ትበቃለች። ስሙን፣ ቶክኑን (አገልግሎቱ የሚሰጥህን ሚስጥራዊ ቁልፍ)፣ ከዚያ ባዶ የተተወ የአይፒ ቦታ። ባዶ መተውህ ትልቅ ነገር ነው፤ አገልግሎቱ ጥሪው ከየት እንደመጣ አይቶ የውጭውን አይፒ ራሱ ይሞላዋል። በክሮን (ትእዛዝን በሰዓቱ በሚያስኬደው የፓዩ ፕሮግራም) በየ5 ደቂቃው እንዲሄድ አድርግና መልሱን ፋይል ውስጥ አስቀምጥ፤ መልሱ «ኦኬ» ከሆነ ደረሰ፣ «ኬኦ» ከሆነ ቶክኑ ወይም ስሙ ተሳስቷል። ዳክዲኤንኤስ በየ5 ደቂቃ መጠራት አይከፋውም። ኖ-አይፒ ግን ሳይቀየር ደጋግሞ የሚያድስን ይዘጋል፤ «አቢዩዝ» የሚል መልስ ካየህ ስክሪፕቱን ወዲያው አቁም፤ «911» ካለህ ችግሩ እነሱ ጋ ነው፣ 30 ደቂቃ ሳይሞላ መልሰህ አትሞክር። ቶክኑን ያገኘ ሰው ስምህን ወደፈለገው ማሽን ሊያዞረው ስለሚችል የፋይሉን ፈቃድ 600 (ከባለቤቱ በቀር ሌላ ተጠቃሚ እንዳያነበው) አድርግ፤ ስክሪንሾት ላይ ደግሞ ሸፍነው።

ዲዲክላይንትን ከመረጥክ ብዙ ሰው የሚወድቅባት አንዲት መስመር አለች፣ አይፒውን ከየት እንዲያነብ የምትነግረው። «ኢፍ» ካልከው የፓዩን የኔትወርክ ካርድ ያነባል፤ እዚያ ያለው 192.168 ነው፣ እሱን ለዓለም ይመዘግብልሃል። ቤት ላለው ሰው ምናልባት ይከፍትለታል፣ ለአንተ ፈጽሞ። መሆን ያለበት «ዌብ» ነው። እሱም ቢሆን አንድ ጠላት አለው፣ ቪፒኤን። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ስንቱ ቤት ኮምፒውተሩም ስልኩም ላይ ቪፒኤን ጭኖ እንደቀረ ታውቃለህ። ዲዲኤንኤሱ ያለበት ማሽን በቪፒኤን ከወጣ የሚመዘገበው የቪፒኤኑ ሰርቨር አይፒ ነው፤ ሎጉ «ተሳካ» ይላል፣ ስሙ የሚያመለክተው ግን አምስተርዳም ያለ የማታውቀውን ማሽን ይሆናል። ስለዚህ ፓዩ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ቪፒኤን አይጫን። ሌላው የዲዲክላይንት ነገር ካሹ (የመጨረሻውን አይፒ የሚጽፍበት ፋይል) ነው፤ በየ300 ሰከንዱ ቢያይም የድሮውን ከአዲሱ የሚያወዳድረው ራሱ ከጻፈው ካሽ ጋር ነው። አገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ ገብተህ ቁጥሩን በእጅህ ከነካኸው ዲዲክላይንት አያውቅም፣ «አልተቀየረም» እያለ ይቀመጣል። ካሽ ፋይሉን አጥፍተህ አስነሳው።

መብራት ሲመለስ የሚሆነውን ደግሞ በደንብ አስብበት፣ የአንተ ችግር ያለው እዚያ ነውና። ፓዩ የፋይበሩ ሳጥን መስመሩን ሳይዝ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ «ሲነሳ አንዴ አድስ» የሚል ትእዛዝ ብቻውን ከንቱ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሞክሮ ይተወዋል። በየ5 ደቂቃው የሚሞክረው ያድንሃል። ራስበሪ ፓይ 4 እና ከእሱ በፊት የነበሩት የሰዓት ባትሪም የላቸውም፤ ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ከነበረ ፓዩ የድሮ ቀን ይዞ ይነሳል፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት እስኪስተካከል ድረስ «ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም» የሚል ስህተት ታያለህ። ያንን ለማለፍ ብለህ የሰርተፊኬት ማጣሪያውን አታጥፋ፣ ቶክንህን ላልታወቀ ሰርቨር ማስረከብ ይሆናል።

እንዲያውም አይፒው የሚቀየረው ራውተሩ ተነስቶ እንደገና ስለሚገባ ነው። ሚኒ ዩፒኤስ ገዝተህ የፋይበሩን ሳጥንና ራውተሩን ብታያይዝበት በአጭር የመብራት መቋረጥ መስመሩ ላይጠፋ ይችላል፤ ካልጠፋ አይፒውም ባለበት ይቆያል። ከመግዛትህ በፊት የሁለቱንም አዳፕተር ጽሑፍ አስነብብ፤ 12 ቮልት ቢሆኑም አምፒራቸው ይለያያል፣ ተደምሮ ዩፒኤሱ ከሚሰጠው መብለጥ የለበትም። 5 ቮልት መውጫም ያለው ሆኖ አምፒሩ ከበቃ ፓዩንም ጨምርበት፤ በድንገት መጥፋት ሜሞሪ ካርዱን ያበላሸዋል።

አሁን መቅጃውን ለምን ተወው እንዳልኩህ። የመቅጃውን ፖርት 80፣ 8000 እና 554 ለኢንተርኔት አትክፈት። እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ የሂክቪዥን መሣሪያዎችን ያለ ፓስወርድ ለመቆጣጠር የሚያስችል ቀዳዳ ይፋ ሆኗል፤ ማስተካከያው ወጥቷል፣ ግን ቤት ውስጥ የተገጠመን መቅጃ ማን ያድሰዋል? የወላጆችህ ሳሎን ነው የሚታየው። ፓዩ ላይ ዋየርጋርድ (ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳይሆን ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገባህ ቪፒኤን) ጫን፤ ራውተሩ ላይ የዩዲፒ ፖርት 51820ን ብቻ ወደ ፓዩ አዙር፤ ስልክህ የዳክዲኤንኤሱን ስም ይዞ በዋየርጋርድ ይግባና መቅጃውን በውስጥ አይፒው ይክፈት። ፓዩ የሚያገኘውን የውስጥ አይፒ ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርግለት፤ ካልሆነ መብራት ከመጣ በኋላ ያ ፖርት ወደ ቴሌቪዥኑ ሊያመራ ይችላል።

የሜሪላንዱ ቤትህም የአዲስ አበባውም የውስጥ አይፒያቸው በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ዋየርጋርዱ ተገናኝቶም መቅጃው አይከፈትም፤ ስልክህ እዚያው ሜሪላንድ ይፈልገዋል። የአዲስ አበባውን ወደ 192.168.47 ቀይረው፤ ይህንን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ቢሆን ይመረጣል፣ መቅጃውና ካሜራዎቹ ቋሚ አይፒ ተሰጥቷቸው ከሆነ እነሱም መቀየር አለባቸውና። የዋየርጋርድ መተግበሪያው ስሙን የሚጠይቀው ሲበራ ብቻ እንደሆነም እወቅ፤ በርቶ እያለ የቤቱ አይፒ ከተቀየረ ምስሉ ይቆማል፣ አጥፍተህ አብራው።

ስትሞክር ወንድምህ ቤት ዋይፋይ ላይ ሆኖ በስሙ እንዲገባ አታድርገው። ብዙ ራውተር ከውስጥ ወደ ራሱ የውጭ አይፒ መመለስ አይችልም፤ የሚሠራውን «አይሠራም» ይልሃል። ዋይፋዩን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ይሞክረው። አንተ ደግሞ ኤንኤስሉክአፕን (ስም የትኛውን አይፒ እንደያዘ የሚያሳይ ትእዛዝ) ከፍተህ ስሙን ከ1.1.1.1 (ለሁሉም ክፍት የሆነ የስም ሰርቨር) ጠይቅ፤ የሚመልስልህ ቁጥር ወንድምህ ከራውተሩ ያነበበልህ ካልሆነ ችግሩ ማደሻው ጋ ነው፣ ከሆነ ፖርቱ ጋ ነው። ካልወጣህ የራውተሩን ዋን አይፒ የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮችና የድረ ገጹን የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ብቻ እዚህ ጻፍልኝ፤ ሙሉውን አትለጥፍ።