ከ«መ» ጀምሮ ቆጥሮ «ሚ»ን ይደርስባታል

ጤና ይስጥልኝ መምህር፤

ነገሩ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። አማቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የኔታ ዘንድ ካልሄደ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ሀ ሁ ሲል ከረመ። እስከ ፐ ሳያቋርጥ ይወርደዋል፤ ሰፈሩ ያደንቀዋል። ነጠላ ፊደል ሲጠየቅ ግን ጉድ ነው። «ሚ» ላይ ጣቴን ሳሳርፍ መ፣ ሙ፣ ሚ ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ማታ ማታ እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እጮሃለሁ፤ አማቴ «አንቺ ነሽ ያደነዘዝሽው» ይላሉ። ይባስ ብሎ የእህቴ ልጅ ውሃ ይዛ ስታልፍ በትከሻው በኩል አየት አድርጋ «ሚ ናት» ትልና ታሳፍረዋለች። እሷ 12 ዓመቷ ነው፤ አገር ቤት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከሁለተኛ ክፍል አቋርጣ መጣች፤ በቤት ሥራ ታግዘኛለች። ለመሆኑ የየኔታ ትምህርት ልጁን አያደነዝዘውም? ደግሞ ስለ ልጅቷ ጎረቤቶች «ጊዜዋ አልፏል» ይሉኛል፤ እውነት አልፏል?

የሰለቸኝ እናት፣ ደብረ ማርቆስ

መልስ

እህቴ፣ ከልጅሽ በፊት ጓዳ ልግባ። ውሃ ተሸክማ እያለፈች «ሚ ናት» ያለችው ልጅ ከ«መ» አልጀመረችም፤ አልቆጠረችም። ማንበብ ማለት ይኸው ነው። 12 ዓመት የሞላትን ልጅ ጊዜዋ አልፏል የሚል ምን ዓይነት ጎረቤት ነው! ስንቱ የጎጃም ቆሎ ተማሪ በዚህ ዕድሜ አይደለም ወይ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ዲማ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዋሸራ የሚወጣው?

እንዲያውም ከልጅሽ የምትበልጥበት ነገር አላት። በዓሉም «ገና» ነው፣ ያልደረሰውም «ገና» ነው፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የሚለየው የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ቀድሞ የገባው ሰው ነው። እሷ ደግሞ ቃሉን ታውቀዋለች።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደረስ መምህሩ ፊደል አያስቆጥርም፤ አንብበሽ መልሺ ነው። አሁን ካልያዘችው በ15 ዓመቷ ከሕፃናት ጋር ተቀምጣ ፊደል መቁጠር ታፍራለች፤ የሚያስቀራት ዕድሜዋ ሳይሆን ያ እፍረት ነው። ምዝገባ ሲከፈት ይዘሻት ሂጂ። መሸኛ የላትም ብለሽ እንዳትቀሪ፤ «ፈትናችሁ መድቡልኝ» በይ። ከ7 እስከ 14 ዓመት ሆኗቸው ትምህርት ላመለጣቸው ልጆች የታሰበ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባልም አለ፤ እሱንም ጠይቂ። የእህትሽ ልጅ እንጂ ሠራተኛሽ አይደለችም።

ወደ ልጅሽ ስመለስ፣ የኔታ አላደነዘዙትም። ልጁ ገና ዜማው ላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ይህንኑ ዜማ ለመስበር የተሠራ ነው፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ግዕዙ ከአንዱ ፊደል፣ ካዕቡ ከሌላው፣ ሣልሱ ከሦስተኛው እያለ ይሄዳል። ቆጥሮ የሚደርስ ልጅ እዚያ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ ከወዲሁ አዘጋጁት።

ከካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ቅደዱና ፊደል ገበታው ላይ አሳርፉት። ወዲያ ወዲህ እያዘዋወራችሁ ጠይቁት። ከንፈሩ መቁጠር ሲጀምር ሸፍናችሁ ሌላ አሳዩት፣ ኋላ ተመለሱበት። 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ልቅሶው ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚመጣው። በ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ተ ላይ ብቻ ቆዩ፤ ከነርባታቸው 35 ናቸው። በነዚህ ብቻ ላም፣ ቤት፣ ሰላም፣ ተልባ፣ ሰባት ይጻፋል። በነዚህ አምስቱ ካዕብ ከጎኑ፣ ሣልስ ከግርጌው ቅጥያ አለው፤ ኃምስ ቀለበት ያንጠለጥላል። ሳድስ ግን ሕግ የለውም፤ ል፣ ም፣ ብ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው የሚያዙት። እዚያ ሲዘገይ አትጩሂበት። ሸ፣ ቸ፣ ኘ ይቆዩ፤ ሰ፣ ተ፣ ነ በደንብ ሲያዙ ከአናታቸው የተጨመረችውን ሰረዝ ማሳየት ብቻ ነው።

ካርቶኑን የምትይዘው ልጅቷ ትሁን። ውሃውን አንቺ ቅጂው።