መኪናዬ ሲጢጥ ይላል፦ የቺንጋ፣ የፍሬንና የጎሚኒ ጩኸት ጥያቄና መልስ

ስትጠይቁ «መኪናዬ ይጮሃል» ብቻ አትበሉ። መቼ ነው የሚጮኸው? ሲነሳ፣ ፍሬን ሲያዝ፣ መሪ ሲዞር ወይስ ጉድጓድ ሲገባ? ይህን ሳያጣሩ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ቪትዝ ነው። ጠዋት ሳስነሳው ከኮፈኑ ስር ሲጢጥ ይልና ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ባትሪው ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ባትሪ አይጮህም፤ የነገሩህ ሰዎች ግን ጨርሶ አልሳቱም። ብርድ ያደረበት ባትሪ ሞተሪኖውን (ሞተር አስነሺውን) ካዞረ በኋላ ዲናሞው መልሶ ሊሞላው ስለሚጥር ጭነት ይበዛበታል። ያን ጊዜ የላላ ወይም የደረቀ ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ፑሊው፣ ማለትም የሚዞርበት መዘውር ላይ ይንሸራተታል። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ጩኸቱም ይከስማል። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ ትልቁን መብራትና ማሞቂያውን አብራ፤ ጩኸቱ ከተመለሰ ቺንጋው ነው።

ቀጥሎ በቺንጋው ባለ መስመር ጎን ላይ ራቅ ብለህ ትንሽ ውሃ እርጭ። (ጋቢ ደርበህ ከሆነ መጀመሪያ አውልቀው፤ ፑሊ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም።) ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም ወይም ቺንጋው ተበልቷል። ውሃው እንደነካው ከባሰበት ግን ላልቷል።

ለማጥበቅ ሞተሩን አጥፋ፣ የዲናሞውን ቡሎኖች አላላ፣ በማስተካከያው ወጥር። ረጅሙን የቺንጋ ክፍል መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርገህ ስትጫነው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርገብ። ከዚያ በላይ መወጠር የዲናሞውንና የውሃ ፖምፓውን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ይበላል። አዲስ ቺንጋ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ስለሚረግብ ደግመህ እየው። ሳሙና መቀባት የሚባለውን ተወው፤ ለአንድ ጠዋት ዝም ያሰኛል፣ በኋላ አቧራ ይሰበስባል።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ዶልፊን እነዳለሁ። ከጣርማ በር ወርጄ ደብረ ሲና ስደርስ የፊት ፍሬኑ ሲያዝ ይጮሃል። ሸራው ገና አዲስ ነው።

መልስ፦ አዲስ መሆኑ አያድነውም። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ተሳፋሪ ጭነህ በፔዳል ብቻ ከወረድከው ሸራው (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) ይጋልና ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጭ ሸራ ዲስኩን በመያዝ ፈንታ ይንቀጠቀጥበታል፤ ጩኸቱ ያ ነው።

መኪናውን በክሪክ አንስተህ ድጋፍ አድርግለትና ጎማውን አውጣ። ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከቀረው፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ከተፈረፈረ የግራውንም የቀኙንም ቀይር። ካልሆነ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፈህ ፊቱ እስኪደበዝዝ እሸው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ጥላ ካየህ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ውፍረቱን ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ጋር አስለካ።

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው አካል) የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ነው። አውጣቸው፣ አጽዳቸው፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት በስሱ ቀባ። ተራ ግራሶ ሲግል ይቀልጣል፤ ሸራውን ከነካው ደግሞ መኪናው ፍሬን የለውም ማለት ነው። ከሸራው ጀርባ ያለችው ስስ ቆርቆሮም ትመለስ፤ ንዝረት የምትውጠው እሷ ናት።

ከገጠምክ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ፍሬን ይዘህ ፍጥነቱን ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀስ ብለህ አብርድ። በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል እየነዳህ 8 ወይም 10 ጊዜ ድገመው።

ስትወርድ ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ አስገባ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መልቀቅ በዚያ መንገድ ላይ ራስን መጣል ነው። ፔዳሉ እየለሰለሰ ከመጣ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ሊሆን ስለሚችል ቁምና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፋበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ጥያቄ (ሸኖ)፦ የኔ ተቃራኒ ነው። ስነዳ ይጮሃል፣ ፍሬን ስይዝ ዝም ይላል።

መልስ፦ ሸራህ አልቋል። ብዙ ሸራ ላይ ሲያልቅ ዲስኩን እየነካ እንዲጮህ የተሠራ ትንሽ የብረት ምላስ አለ፤ ስትይዘው ስለሚጫን ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ሳምንት ቀይር። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማህ ግን አትንዳው፤ ዲስኩም እየሄደ ነው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ፒስታ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ከአንድ ጎማ ያለማቋረጥ ጢጢጢ የሚል ድምፅ መጣ። ሸራው ደህና ነው ተባልኩ።

መልስ፦ በዲስኩና ከኋላው ባለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መሃል ጠጠር ገብቷል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ንዳ፤ አንዳንዴ ይወድቃል። እምቢ ካለ ጎማውን አውጥተህ ቆርቆሮውን በትልቅ ካቻቢቴ በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ ኮሮላዬ ጉድጓድ ሲገባ እንደ አሮጌ አልጋ ይንሳጠጣል። ልጁ ናፍታ ረጨበት፣ ለሁለት ቀን ተሻለው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ናፍታው ይቁም፤ ጎማ ነክ ነገርን ያሳብጣል፣ ጎሚኒውን (በእግር ብረቶቹ መጋጠሚያ ያለውን የጎማ ትራስ) ይጨርሰዋል። መኪናው ቆሞ አንድ ሰው ጥጉን ወደ ታች እየጫነ ያወዛውዘው፣ እርስዎ ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ ውሃ ይርጩባቸው። ድምፁ የጠፋበት እሱ ነው። ተሰንጥቆ ከሆነ ይቀየር፤ ካልሆነ የሲሊኮን ቅባት ይበቃዋል። አዲስ ጎሚኒ ሲገጠም ቡሎኑ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ወርዶ ክብደቱን ሲሸከም ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ አይሱዙ ነው፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ ያፏጫል።

መልስ፦ ሲረገጥ ከጮኸ የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። ፎሌ ላይ ፔዳሉ ተለቆ ጮኾ ሲረገጥ ዝም ካለ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የፊት ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ከሆነ ሳትውል ሳታድር የካምቢዮውን ዘይት ልክ እይ። ለማንኛውም ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑን ዲስክና ኩሽኔታውን አብረህ ቀይር፤ ዋናው ወጪ ማውረዱ ነው።