የታካሚ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ

ጥያቄ፦ ጅማ ዙሪያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የሚያጠራጥር ቁስል ወይም ራጅ ሲገጥመኝ በስልኬ አንስቼ ሐኪሞች ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ እልካለሁ። አባላቱ 60 ያህል ናቸው። የታካሚውን ስም አልጽፍም። ጥፋት አለው?

መልስ፦ ማማከርዎ ጥሩ ነው፤ ታካሚውን ያለበቂ ምክንያት ከተማ ድረስ ከመንገላታት ያድነዋል። ችግሩ 60ው ሰው ነው። የሚመልስልዎ አንድ ሐኪም ነው፤ የቀሩት ታካሚውን ሳያክሙ ገመናውን ያያሉ። የብዙዎቹ ስልክም ፎቶውን ራሱ ያወርደዋል፤ እርስዎ በኋላ ከግሩፑ ቢያጠፉት እንኳ ጋለሪ የገባው ቅጂ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ ሐኪም ብቻ፣ በሲክሬት ቻት (መልእክቱ በሁለታችሁ ስልክ ላይ ብቻ በሚቀመጥበት የቴሌግራም ቻት) ይላኩ፤ ጊዜ ቆጥሮ እንዲጠፋም ማዘዝ ይችላሉ። ተራው ቻትና ግሩፕ ግን በቴሌግራም ኩባንያ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል።

ስም አለመጻፍ አይበቃም። ራጅና አልትራሳውንድ ጥግ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር ይታተማል። በስልኩ ማርከር አይቀቡት፤ ቀለሙ ስስ ከሆነ ብርሃን ሲጨመርበት ይነበባል። ጥጉን ቆርጠው ያስቀሩት። ቁስሉ አጠገብ ንቅሳት ካለም ጎረቤት ይለየዋል፤ ጠበብ አድርገው ያንሱ። ዕድሜውን «በሠላሳዎቹ» ማለት ይበቃል። የመኖሪያ አካባቢ የሚያስፈልገው እንደ ቁንጭር ያለ ከቦታ ጋር የተያያዘ በሽታ ሲጠረጠር ነው፤ ያኔም ወረዳው ይበቃል።

ራጅ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ቀጭን ስንጥቅ ሊጠፋ ይችላል። እንደ ፋይል ይላኩት፤ ግን ፋይሉ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል አስቀድመው የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ ይዝጉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ፈቃዱ ነው። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ እናትን በአማርኛ ጠይቆ ራሳቸውን ስለነቀነቁ «ፈቅደዋል» ማለት ፈቃድ አይደለም። ለማን፣ ለምን እንደሚላክ፣ እምቢ ቢሉም ሕክምናቸው እንደማይቋረጥ በቋንቋቸው ይንገሯቸው። ከዚያ ካርዱ ላይ «ለማማከር ፎቶ ተልኳል፤ በቃል ፈቅደዋል» ብለው ከነቀኑ ይጻፉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል፤ ያለፈቃድ የተላከ ፎቶ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

የሐኪሙ መልስ እንደደረሰ ካርዱ ላይ ይገልብጡት፤ ስልክዎ ውስጥ ቢቀር ቀጣዩ ተረኛ አያገኘውም። ፎቶውን ከጋለሪ ብቻ ሳይሆን ከተሰረዘ በኋላ ለሳምንታት ከሚቆይበት ቅርጫትም (ትራሽ) ያጥፉ። የጋለሪዎን ባክአፕም ይፈትሹ፤ ክፍት ከሆነ ፎቶው በዚሁ አካውንት የገባ የልጅዎ ታብሌት ላይም ይታያል።