ያልተቆረጠ ዛፍ በስንት ይሸጣል?

ስለ ደን ከጻፍን በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ካርበን ነው። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። አምስቱን መርጫለሁ፤ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ አገር ቤት ልሄድ ትኬት ስቆርጥ መጨረሻ ላይ "የበረራዎን ካርበን ያካክሱ" የሚል ነገር መጣ። 20 ዶላር ገደማ ነው። ነካሁት፣ ተከፈለ። ባለቤቴ እስካሁን ይስቅብኛል። ብሩ የት ነው የሚሄደው? ተበላሁ ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ተበላሽ ብዬ አልደመድምም። የገዛሽው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 23 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ የሚያቃጥለው ነዳጅ ለተሳፋሪው ሲካፈል፣ እንደ አስሊው ይለያያል እንጂ፣ በነፍስ ወከፍ ከአንድ ቶን በላይ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንቺ በ20 ዶላርሽ የገዛሽው ክሬዲት ይባላል። አንድ ክሬዲት ማለት አንድ ቶን ካርበን የሆነ ቦታ ከአየር ተወስዷል፣ ወይም ሊወጣ ሲል ቀርቷል የሚል ማረጋገጫ ነው። የሆነ ቦታ ሲባል ፔሩ ያለ ደን ሊሆን ይችላል፣ ኬንያ ያለ ምድጃ፣ ሕንድ ያለ የነፋስ ኃይል ማመንጫ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱን የሚሠራው ድርጅት ሒሳቡን ያሰላል፣ ኦዲተር ቀጥሮ ያስመረምራል፣ ከዚያ እንደ ቬራ ወይም ጎልድ ስታንዳርድ ያለ መዝጋቢ ለያንዳንዱ ቶን ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከደላላ ደላላ ይዞርና አንድ ኩባንያ ይገዛዋል። ባንቺ በረራ ላይ ሲውል መዝገቡ ላይ ይሰረዛል። አውቶቡስ ውስጥ ትኬት ቆራጩ እንደሚቀደው በይው፤ ሁለተኛ አይሳፈሩበትም። ግዢ ብሎ የሚያስገድድሽ ሕግ የለም፣ የበጎ ፈቃድ ገበያ የሚባለውም ለዚህ ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጭስ ማውጫ ፈቃድ በግዴታ የሚገበያዩበት ገበያ ሌላ ነው፣ ከሱ ጋር አይምታታብሽ።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ጣጣው ያለው "ሊወጣ ሲል ቀርቷል" የምትለዋ ላይ ነው።

ጎረቤቴ ግቢ ትልቅ ዝግባ አለ እንበል። "ልቆርጠው ነበር፣ 5 ሺህ ብር ስጠኝና ልተወው" አለኝ። ሰጠሁት። ዝግባው ቆሟል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን እውነት ሊቆርጠው ነበር? ቤቱ መጥረቢያም የለ ይሆናል። ደግሞስ የምር ቆራጭ ከሆነ፣ የኔን ብር ኪሱ ከትቶ ወንድሙ ግቢ ያለውን ቢጥለውስ? የዛሬ ሦስት ዓመት እሳት ቢበላውስ? የአውሮፕላኑ ጭስ እንደሆነ ወጥቷል፣ ተመልሶ አይገባም። የካርበን ሰዎች ለነዚህ ሁሉ ስምና ቀመር አላቸው፤ ለእሳቱ ለምሳሌ ከየደን ፕሮጀክቱ ክሬዲት እየቀነሱ መጠባበቂያ ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ግን የትኛውም ቀመር አይዘጋትም። ያልሆነን ነገር የሚመዝን ሚዛን የለማ።

በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጋርዲያን፣ የጀርመኑ ዲ ሳይት እና ሶርስማቴሪያል የተባለ የምርመራ ጋዜጠኞች ቡድን አንድ ላይ ሆነው የቬራን የዝናብ ደን ክሬዲቶች መረመሩ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እውነተኛ ቅነሳ የሌለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ጻፉ። ቬራ አሰላላቸው ትክክል አይደለም ብሎ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሳውዝ ፖል የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ዚምባብዌ ካሪባ አካባቢ ካለው ግዙፍ የደን ፕሮጀክት እጁን አወጣ። እዚያም ጭቅጭቁ ያው የጎረቤቴ ዝግባ ነው፤ ይጨፈጨፋል የተባለው ደን የተባለውን ያህል አልተጨፈጨፈም ነበር። ገዢው ሁሉ ደነገጠ። በ2021 ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረው ገበያ በ2023 ከ800 ሚሊዮን በታች ወረደ።

ስለዚህ 20 ዶላሩን እርዳታ ሰጠሁ ብለሽ ያዢው፤ ጭሴ ጠፋ ብለሽ ግን አትያዢው። ለወደፊቱ የፕሮጀክቱን ስም፣ መዝጋቢውንና የክሬዲቱን ቁጥር የማያሳይሽ ከሆነ አትንኪው። "ዛፍ እንተክልልዎታለን" ብቻ ካለሽማ እለፊው። ባለቤትሽም ይበቃዋል፣ ይተውሽ።

ጥያቄ፦ ምርጥ ምድጃ በቅናሽ ሰጡንና ወረቀት አስፈረሙን። ልጄ በኋላ አንብባ "የካርበን መብትሽን አስተላልፈሻል ይላል" አለችኝ። ምንድን ነው ያስተላለፍኩት? (ከባሕር ዳር አቅራቢያ)

መልስ፦ እማማ፣ አይደንግጡ። ያስተላለፉት ያልነደደ እንጨትዎን ነው። ጉልቻ ላይ እሳቱ በየአቅጣጫው ይባክናል፤ ምርጥ ምድጃ ዙሪያውን ዘግቶ ወደ ምጣዱ ይመልሰዋል፣ ስለዚህ ትንሽ እንጨት ይበቃል። በዓመት የሚተርፈውን እንጨት በስንት ሺህ ቤት ያባዙና ወደ ቶን ይለውጡታል፣ ክሬዲት ይሆናል፣ ውጭ አገር ይሸጣል። ቅናሹ የመጣው ከዚያ ነው። ያስፈረሙዎትም ያንኑ ቶን ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይሸጠው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አክስቴ ጓዳ ምርጥ ምድጃ አለ፣ እንጀራ የሚጋገረው እዚያ ነው። ከኋላው የድስት ማስቀመጫ ቢኖረውም ወጡ አሁንም ሦስት ጉልቻ ላይ ይንተከተካል። ድግስ ሲመጣ ጉልቻው ስድስትም ዘጠኝም ይሆናል። ጠያቂ መጥቶ "ምድጃውን ምን ያህል ይጠቀማሉ?" ቢላት "ሁሌ ነው እንጂ!" ነው የምትለው፣ ያውም ቡና እያቀረበች። እንግዳ ማሳፈር ይሆንባታላ። ያቺ "ሁሌ" ቅጹ ላይ ትጻፋለች፣ ከቅጹ ወደ ሒሳቡ ትገባለች። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ የመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ሊያገኙ ከሚገባቸው ክሬዲት በአማካይ 9 እጥፍ ገደማ አግኝተዋል። አንዱ ምክንያት ይኸው የአጠቃቀም ጉዳይ ነው።

ምድጃው ግን ጥሩ ምድጃ ነው። ጭሱ ለዓይንዎም ለሳንባዎም ይቀንሳል። ይጋግሩበት። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ እውነቱን ይንገሩት፣ አይቀየምም።

ጥያቄ፦ ይህ ማለት እኮ ሀብታም ገንዘብ ከፍሎ ድሃ እንዲጾምለት ማድረግ ነው! ለምን በግልጽ አትጽፉም? (ስም አይጠቀስ ያሉ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አንተው ጻፍክልን። አባባልህን ወድጄዋለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልስማማም። ሑዳዴን ሲጾም ከርሞ አንድ ቀን ያመለጠው ሰውና ዓመቱን ሙሉ ቁርጥ ሲቆርጥ የከረመ ሰው አንድ አይደሉም። የራሱን ጭስ ቀንሶ ለተረፈው ክሬዲት የሚገዛ ኩባንያ አለ፤ ምንም ሳይነካ ገዝቶ "ከካርበን ነጻ ነኝ" ብሎ ማስታወቂያ የሚሠራም አለ። ገበያው ሁለቱንም በአንድ ዋጋ ያስተናግዳል፣ ችግሩ እሱ ነው። በ2023 የአንድ ቶን አማካይ ዋጋ 7 ዶላር እንኳ አልሞላም። ካርበንን በማሽን ከአየር መጥጠው ከመሬት በታች የሚቀብሩት ደግሞ ለዚያው አንድ ቶን ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃሉ። በ7 ዶላር የሚሸጥ ቶን ውስጥ ምን እንዳለ ብጠረጥር አትፍረድብኝ።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ደን ይጠብቃል። ሰዎች መጥተው "ካርበናችሁን እንሽጥላችሁ፣ ለ30 ዓመት ፈርሙ" አሉን። እንፈርም ወይ? (ከወላይታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እኔን ከመስማትዎ በፊት ሁምቦ ወርደው ይጠይቁ፣ ለእናንተ ሩቅ አይደለም። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። ወርልድ ቪዥን ያገዛቸው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በብዛት ያደረጉት አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ አፈር ውስጥ የቀሩትን ጉቶዎች መቀስቀስ ነበር። ከብት ከለከሉ፣ ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራውን ትተው ሌላውን መለመሉ። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት ሥር፣ አገሮች ጭስ ለመቀነስ በተዋዋሉበት በኪዮቶ ስምምነት አሠራር ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክ ፈንድም 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ያ የበጎ ፈቃዱ ገበያ አይደለም፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው። እዚያ "ባይጠበቅ ኖሮ" እያሉ መተንበይ ብዙም አላስፈለገም። ተራራው ራቁቱን ነበር፣ አሁን ለብሷል፣ አላፊ አግዳሚው ያያል። የናንተ ደን ድሮም የነበረ ከሆነ ሒሳቡ ይከብዳል፣ ጠያቂውም ይበዛል።

ውሉን ሲያዩ መጀመሪያ ድርሻችሁ ከሽያጩ ይሁን ከትርፉ ያጣሩ። ከትርፉ የሚል ከሆነ የመኪናው፣ የኦዲተሩ፣ የአማካሪው ወጪ ሁሉ ተነስቶ ለናንተ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ሣር ማጨድ፣ ቀፎ መስቀል፣ ደረቅ እንጨት መልቀም ይፈቀዳል ወይ? እሳት ቢነሳ ዕዳው የማን ነው? ሌላ ገዢ ቢመጣስ መሸጥ ትችላላችሁ? ገንዘቡ የሚመጣው ተለክቶ፣ ተመርምሮ፣ ተሽጦ ስለሆነ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ጥበቃውን ማን ይከፍላል? ዋጋ ለማመሳከር ደግሞ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ጋር ለኦሮሚያ ደኖች የፈረመችውን ይያዙ፤ እስከ 4 ሚሊዮን ቶን በ40 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም ቶኑ 10 ዶላር። አንድ ዶላር ብሎ የሚመጣ ካለ ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት።

ውሉ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብ። 30 ዓመት እኮ ነው፤ ዛሬ ፈርሞ የሚያጨበጭበው ሳይሆን ልጁ ነው የሚጠብቀው።

ጥያቄ፦ ጓሮዬ 40 ባሕር ዛፍ አለኝ። ካርበን ልሸጥ እችላለሁ? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ እናስላው። አንድ ዛፍ በዓመት 20 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል ብንልህ (ለጋስ ሆኜልህ ነው)፣ 40ው 800 ኪሎ፣ ቶንም አልሞላ። በ7 ዶላር ሒሳብ የዓመት ገቢህ 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። ፕሮጀክት ለማስመዝገብና ለማስመርመር ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። ለዚህ ነው ገበያው ውስጥ ብቻህን የማትገባው፤ በሺህ ሄክታር ተደራጅቶ ነው። በዚያ ላይ ባሕር ዛፉን ማንም ሳይከፍልህ ተክለኸዋል፣ "ክፍያው ባይኖር አልተክልም ነበር" ብትል ማን ያምንሃል? አጠና ከደረሰ ለግንበኛ ሽጠው። ጉቶውን ብቻ አትንቀል፣ ያቆጠቁጣል።