ጀልባዋ ክረምቱን የት ታሳልፋለች?

ውድ ልጆቼ፣

ከደሴና ከኮምቦልቻ ተሰባስባችሁ፣ ገንዘብ አዋጥታችሁ ለሐይቅ የሞተር ጀልባ መግዛታችሁን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ባለፈው ሰሞን ግን ከእናንተ አንዱ ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ ጀልባዋ ክረምቱን ሥራ ስለምትፈታ መድኑን የ6 ወር ብቻ ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደሴ ውስጥ በመድን ሥራ 31 ዓመት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና መልሱን ለሁላችሁም በጽሑፍ ማድረስ መረጥሁ።

የጥያቄው ምክንያት ይገባኛል። ኅዳር 26 ቀን ለአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚመጣው ምእመን፣ የገናና የጥምቀት እንግዳ፣ የጥር ሙሽሮች ሁሉ በበጋ ይመጣሉ፤ ሰኔ ሲገባ ጀልባዋ ትቆማለች፤ ገቢ ለማያስገባ ወር አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ መክፈል ደግሞ ገንዘብ እንደ መጣል ይቆጠራል። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ አብዝቼ ያየሁት ጀልባ ሰው ተሳፍሮባት ሳለ ሳይሆን ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ስትጎዳ ነው። በሥራ ላይ ያለች ጀልባ ውኃ ብታስገባ ነጂው ወዲያው አይቶ ይቀዳዋል። በክረምት የቆመችው ግን የዝናቡ ውኃ ሞተሩ ወዳለበት ወደ ኋላዋ ይጠራቀምባታል፤ ማፍሰሻ ቀዳዳዋን ቅጠል ይደፍነዋል፤ ሞተሯን ሌባ ፈትቶ ይወስደዋል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለም ዝናቡ በበረታበት ዓመት ውኃው ከፍ ይልና ዳርቻው ይሸሻል፤ ሰኔ ላይ ደረቅ መሬት ላይ የተዋት ጀልባ ነሐሴ ላይ ውኃ ውስጥ ልትገኝ ትችላለች።

በዚህ ጉዳይ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል። ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ባለጀልባ የመድን ጥያቄ ቅጽ ሞልቶ አመጣልኝ። «በማትሠራበት ወቅት የምትቀመጥበት ቦታ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሐይቅ» ብሎ ጽፏል፤ ሦስት ፊደል ብቻ። ሐይቅ የውኃውም፣ አጠገቡ ያለው ከተማም ስም ነው፤ እኔ ከተማው መሰለኝና ውሉ «ሐይቅ ከተማ፣ ከውኃ ውጭ» ተብሎ እንዲታተም አደረግሁ፤ እርሱም ሳያነብ ፈረመ። ሰውየው ግን ያለው ውኃውን ነበር፤ በየክረምቱ ጀልባዋን ከዳር ካለ ዛፍ ጋር በገመድ አስሮ ነበር የሚተዋት። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ዘንቦ ሲያድር ጀልባዋ ከነሞተሯ ሰጠመች። ጉዳቱን የመረመረው ባለሙያ ጀልባዋ ውኃ ላይ እንደነበረች ሲጽፍ የካሳ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ሰውየው ውሉን በፌስታል ጠቅልሎ መጥቶ «የጻፍሁት እኮ እውነት ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከወራት ክርክር በኋላ የተከፈለው የጉዳቱ ከፊል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዲያ ብሎ የጻፈልኝን ሁሉ «ከተማው ነው ውኃው?» ሳልል አሳልፌ አላውቅም፤ የሳቁብኝም ነበሩ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የዓመት ውል ገብታችሁ ዓመቱን ለሁለት እንድትከፍሉት ነው፦ የሥራ ወቅትና የዕረፍት ወቅት። በዕረፍቱ ወራት የመንገደኛ ኃላፊነት (ተሳፋሪ ቢጎዳ የሚከፈለው) እና የጉዞ አደጋ ሽፋን ይቆማል፤ የእሳት፣ የስርቆትና የዐውሎ ነፋስ ሽፋን ይቀጥላል፤ ለቆመው ሽፋን አረቦን እንዲቀነስላችሁ ወይም እንዲመለስላችሁ አስቀድማችሁ ተደራደሩ። የ6 ወር ውል እንደሆነ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከዓመቱ ግማሽ ይበልጣል፤ የቀረውን 6 ወር ደግሞ ባዶ እጃችሁን ትሆናላችሁ።

ቀኖቹን ስትወስኑ የሌላ አገር ልማድ አትቅዱ፤ ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም አለው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጣው ወገናችን ደግሞ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ነው። «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ ሲለምናችሁ እሺ ብላችሁ ብትወጡ፣ በዕረፍት ወቅት ላይ ናችሁና ከአደጋ በኋላ የምትይዙት ነገር የለም። መውጣት ካስፈለገ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መድን ገቢው፣ ማለትም መድኑን የሚገዛው ሰው፣ አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውን የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሰው በክፍያ እያሳፈራችሁ «ለግል መዝናኛ» ብላችሁ ብትጽፉ የከፈላችሁት አረቦን ከንቱ ሊሆን ይችላል። የጀልባዋን ዋጋም አታሳንሱ፤ 800,000 ብር የምታወጣውን በ400,000 ብታስመዘግቡና የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ ያስመዘገባችሁት የዋጋዋን ግማሽ ነውና፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚከፈላችሁም የጉዳቱ ግማሽ፣ 100,000 ነው። ክረምቱን ኮምቦልቻ ለማሳለፍ በአይሱዙ ጭናችሁ የምትወስዷት ከሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ጉዞም በሽፋኑ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። አደጋ ሲደርስ ሕጉ ለማሳወቅ የሚሰጠው 5 ቀን ነው። ክረምቱን ሁሉ ጀልባዋን ያላያት ሰው ግን አደጋው መቼ እንደደረሰ በምን ያውቃል? ተራ አውጥታችሁ በየሳምንቱ አንዳችሁ እዩዋት፤ ያያችሁበትንም ቀን በደብተር መዝግቡ።

የፊታችን ግንቦት ጀልባዋን ከውኃ ስታወጡ ሞተሯን ፈትታችሁ ቁልፍ ያለው ቤት አስገቡ፤ የሞተሩን ቁጥር፣ የተከፈተውን ማፍሰሻና የመጠለያውን ጣሪያ ፎቶ አንሡ፤ ከደብዳቤ ጋር ለመድን ሰጪው አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። ቅጹን ግን ብቻችሁን አትሙሉት፤ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት አለሁና ሳትፈርሙበት ይዛችሁት ኑ።