ጠፍጣፋ እግር በእንቅስቃሴና በጫማ ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው። የሆቴል አስተናጋጅ ስለሆንኩ ቆሜ እውላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጥ እግሬ ጠፍጣፋ ነው፤ በእርጥብ እግሬ ሲሚንቶ ስረግጥ ሙሉው ይታተማል። ከቅርብ ወራት ወዲህ ማታ ማታ ውስጥ እግሬንና ባቴን ያመኛል። እንቅስቃሴ ብሠራ ይስተካከልልኛል ወይስ ልዩ ጫማ መግዛት አለብኝ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጠፍጣፋ እግር በራሱ በሽታ አይደለም። እንዲህ ዓይነት እግር ይዘው ሕመም ሳያውቁ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የምናክመው ሕመሙን እንጂ ቅርጹን አይደለም። እንቅስቃሴም ሆነ ጫማ ለአዋቂ ሰው አዲስ ቅስት (ውስጥ እግር መሃል ላይ ከመሬት ከፍ የሚለው ጎድጓዳ ክፍል) አይሠራም፤ ይሠራል ብሎ የሚሸጥልዎ ካጋጠመዎ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩት። ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል።

መጀመሪያ ግድግዳ ይደገፉና በጣቶችዎ ጫፍ ይቁሙ፤ ሌላ ሰው ከኋላ ይመልከትዎ። ሲነሡ ቅስቱ ብቅ ካለና ተረከዝዎ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ እግርዎ ተጣጣፊ ነውና እንቅስቃሴ ይጠቅምዎታል። እንደ ጠፈጠፈ ከቀረ ግን ከመጀመርዎ በፊት የአጥንት ሐኪም ይየው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ባትን ነው። የባት ጡንቻ ሲያጥር ተረከዝን ወደ ላይ ስለሚስብ፣ በተራመዱ ቁጥር ቅስቱ ላይ ጫና ይበዛል። ግድግዳ ተደግፈው አንዱን እግር ወደ ኋላ ያስቀምጡ፤ ጉልበቱን ሳያጥፉ፣ ተረከዙን ከወለል ሳያነሡ ለ30 ሰከንድ ባትዎን ይሳቡ፤ በእያንዳንዱ እግር 3 ጊዜ። ቀጥሎ ባዶ እግርዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉና ጣቶችዎን ሳያጥፉ የአውራ ጣትዎን ሥር ወደ ተረከዝዎ ለመሳብ ይሞክሩ፤ 5 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ ይድገሙት። መጀመሪያ ላይ እግርዎ እሺ አይልዎትም፤ አይናደዱ። በመጨረሻም ተረከዝዎን ቀስ ብለው ያንሡ፣ ከማንሣቱ ይበልጥ ቀስ ብለው ያውርዱ። በየቀኑ ቢሠሩትም ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይወስዳል። በባዶ እግር መሥራቱ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች ያለ ጫማ መሄድ ለእግር እብጠት በሽታ እንደሚዳርግ አይርሱ።

ጫማውን ደግሞ በዋጋው ሳይሆን በእጅዎ ይፈትኑት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ ወገቡ ላይ ከታጠፈ ወይም እንደ እርጥብ ፎጣ ከተጠመዘዘ ይተዉት። የተረከዙ ዙሪያ ሲጫኑት የማይሟሽሽ ይሁን። ሥራ ላይ የሚያደርጉት ስስና ዝርግ ጫማ ከሆነ፣ ጥርጣሬዬ መጀመሪያ እሱ ላይ ነው። ሰልባጅ የሚገዙ ከሆነም ሶሉ በአንድ ወገን ያለቀውን አይውሰዱ፤ የሌላ ሰው አረማመድ ታትሞበታል። ቅስትን የሚደግፍ የውስጥ ሶል ሕመምን ሊቀንስ ይችላል፤ በልክ የሚሠራው ውድ ስለሆነ በተዘጋጀው ይጀምሩ።

አንዱ እግርዎ ብቻ በቅርቡ መጠፍጠፍ ከጀመረ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በታች ካበጠና ካመመዎ፣ ወይም በዚያ እግር ብቻ ቆመው ተረከዝዎን ማንሣት ካቃተዎ እንቅስቃሴውን አቁመው ይመርመሩ። ይህ ቅስቱን ደግፎ የያዘው ጅማት መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል፤ ዘግይቶ ከተደረሰበት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የስኳር ሕመም ካለብዎ ወይም እግርዎ ከደነዘዘ ደግሞ የውስጥ ሶል እንኳ ሐኪም ሳያማክሩ አይግዙ፤ የማይሰማዎ ግፊት ቁስል ሊያወጣ ይችላል።