«እኔ የአንቺ ሹፌር ነኝ?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆነን። እኔ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ በሳምንት ስድስት ቀን ኡበር ይነዳል። ባለፈው ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ የዘጠኝ ቀን እረፍት አብረን ወሰድን። በመኪና በባሕሩ ዳር ወደ ቢግ ሰር፣ ከዚያ ወደ ዴዝ ቫሊ በረሃ ሄድን። ለወራት ስጓጓለት የነበረ ጉዞ ነው። ግን ከመነሻው አልጣመኝም። «እዚህ ጋ እንቁም፣ ባሕሩን እንይ» ስለው «ይመሻል» ይለኛል። ቢክስቢ ድልድይ ስንደርስ ለአራተኛ ጊዜ «አቁም» አልኩት። «እኔ የአንቺ ሹፌር ነኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም «ባል ብትሆንማ ትቆም ነበር» አልኩት። ከዚያ በኋላ ፊት ነሳኝ። በማግስቱ ከቤከርስፊልድ እስከ ዴዝ ቫሊ አራት ሰዓት ያህል ስንሄድ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባድዋተር የሚባለው የጨው ሜዳ ላይ ስንደርስ ብቻ ጎንበስ ብሎ ጨዉን በጣቱ ቀመሰና «አሞሌ» አለ። ሆድ ብሶኝ ስለነበር ዝም አልኩት። ፎቷችንን ያየ ሁሉ «ስታምሩ!» ይለናል። እኔ ግን ከማላውቀው ሰው ጋር የተጓዝኩ ነው የመሰለኝ። ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን፤ የምናወራው ስለ ቢልና ስለ አስቤዛ ብቻ ነው። ትዳራችን አልቆ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ዓይኔ የቆመው «እኔ የአንቺ ሹፌር ነኝ?» የምትለው ላይ ነው።

አንቺ ስድብ ሆና ነው የተሰማችሽ። አልፈርድብሽም። ሰው ጮኾ ሲናገር ጩኸቱ እንጂ ቃሉ አይሰማም። አሁን ግን ጩኸቱን ተይውና ቃሉን ብቻ ስሚው። ባለቤትሽ እኮ ሹፌር ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ከኋላው የተቀመጠ ሰው «እዚህ ጋ አቁም» ይለዋል፣ እሱም ያቆማል። ቆሞ የሚያባክነው ደቂቃ ከገቢው ይቀነሳል። አንቺ እረፍት ስትወጪ ከሥራ ቦታሽ ራቅሽ። እሱ ግን እረፍት የወጣው የሚሠራበት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያው መሪ፣ ያው ፍሬን፣ ያው ጂፒኤስ። የቢግ ሰርን መንገድ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ባንድ ወገን ተራራ፣ ባንድ ወገን ገደል ነው። አንቺ ባሕሩን ስታዪ እሱ የሚያየው የአስፋልቱን ቢጫ መስመር ነው።

ይህን የምልሽ ጥፋቱን ላቀልለት አይደለም። ከመጮኹ በፊት «ደክሞኛል» ማለት ነበረበት። ብዙ ወንዶቻችን ይህችን ቃል ማውጣት እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥሩት ድካማቸው በቁጣ ይወጣል። ቁጣው የሚያርፈው ደግሞ አጠገባቸው ባለው ሰው ላይ ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ያላገኘሁት ነገር አለ። አንቺ መንጃ ፈቃድ አለሽ? ካለሽ ለምን አልነዳሽም? «አይሰጠኝም» ከሆነ መልስሽ፣ ምክንያቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለሚሳሳልሽ ወይም መሪ የወንድ ነው ተብሎ ስላደገ ከሆነ በንግግር ይፈታል። ቤት ውስጥም ገንዘብሽን፣ ስልክሽን፣ መውጣት መግባትሽን የሚቆጣጠር ከሆነ ግን የኔ መልስ አይበቃሽም። ብቻሽን ሄደሽ አንድ ባለሙያ ፊት ለፊት አነጋግሪ።

ወደ አራቱ ሰዓት ዝምታ ልምጣ። እኛ ጋ ኩርፊያ የታወቀ ቅጣት ነው። ዝምታ ሁሉ ግን ኩርፊያ አይደለም። ጆን ጎትማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውን ይለካ ነበር። ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚባለውን መስማትም፣ ረጋ ብሎ መመለስም ያቅተዋል። ከውጭ ድንጋይ መስሎ የሚታየው ሰው ውስጡ እየነደደ ሊሆን ይችላል። እስኪበርድለት ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ቤት ብትሆኑ እሱ በረንዳ ይወጣል፣ አንቺ ወጥ ቤት ትገቢያለሽ። መኪና ውስጥ በረንዳ የለም።

20 ደቂቃውን እረዳለታለሁ። አራት ሰዓት ግን በጣም ብዙ ነው። «አሁን ማውራት አልችልም፤ ነዳጅ ስንቀዳ እናወራለን» ቢልሽ መንገዱ ሁሉ እንደዚያ ባልረዘመብሽ ነበር። ይህ እንደጎዳሽ ልትነግሪው ይገባል። አንቺም ደግሞ የመለስሽለትን ቃል መለስ ብለሽ እይው። እሱ ሹፌርሽ ነኝ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አንቺ ባል አይደለህም አልሽው። ለዚህች ቃል ይቅርታ ያስፈልጋታል። በጊዜ ብዛት የምትረሳ አይደለችም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ላይ ልድረስ። ባድዋተር ከሰሜን አሜሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ይወርዳል። የኛ ደናክል ከዚያም ይወርዳል። አፋሮች ጨዉን እየፈለጡ በግመል ሲጭኑ የኖሩበት ምድር ነው። አሞሌ ከዚያ ወጥቶ ለዘመናት በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ባለቤትሽ በሰው አገር በረሃ መሃል ያንን ነጭ ሜዳ ሲያይ አገሩ ትዝ አለው። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ከአፉ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ናት። ለማን ያላት ይመስልሻል? በዚያ ሜዳ ላይ ካንቺ በቀር አሞሌ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ማን ነበር?

ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን አጥንቶ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሶ አይቷቸዋል። አንዱ እንዲህ ያለች ትንሽ ቃል ሲወረውር፣ አብረው የዘለቁት ባልና ሚስት ከመቶው 86 ጊዜ ምላሽ ሰጥተው ነበር። የተፋቱት ግን 33 ጊዜ ብቻ ነው። ቃሏ ትልቅ መሆን የለባትም። «ያቺን ወፍ እያት» ልትሆን ትችላለች። ቢክስቢ ላይ አንቺ «ባሕሩን እንይ» ያልሽውም ያው ነው። እሱ ያንቺን አላነሳም፣ አንቺም የሱን አላነሳሽም። ሁለታችሁም ስትጣሩ ነበር። ትዳራችን አልቆ ይሆን ላልሽው፣ እኔ ከደብዳቤሽ ያለቀ ነገር አልታየኝም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? አንቺ ከፈረቃ የምትወጪበትን፣ እሱ ሥራ የማይገባበትን አንድ ጠዋት ምረጪ። ቡና አፍዪ። መጀመሪያ ያንቺን ቃል አንሺና ይቅርታ ጠይቂው፤ «አንተም እኮ» የሚል አትጨምሪበት። ቀጥለሽ «የዚያን ቀን አሞሌ ስትል ምን ትዝ ብሎህ ነው?» በዪው። ከዚያ ስሚው። ወሬው ከተከፈተ በኋላ ዝምታው እንዴት እንደጎዳሽ ንገሪው፣ ቶሎ አትለፊው። የዚያን ዕለት ካልተናገረ ሌላ ቀን ደግሞ ሞክሪ። ወራት አልፈው እንዲያው ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ አማካሪ ዘንድ ብትሄዱ ጥሩ ነው።

ሌላም ጉዞ ያስፈልጋችኋል፤ አጭር ይሁን፣ ደርሶ መልስ። እሱ ግን አይንዳ። መንጃ ፈቃድ ካለሽ መሪውን አንቺ ያዢ። ከሌለሽ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳንታ ባርባራ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ወደ መጨረሻው ላይ የሚሄደው በባሕሩ ጥግ ጥግ ነው። ስትገቡ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ለሱ ልቀቂለት።